ውሳኔው ወደ በረቱ ይቅረብ፦ ስለ ትልልቅ አዳኝ አራዊት ለሚወስኑ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣
ለብሔራዊ ፓርኮችና ለጥብቅ ስፍራዎች አስተዳዳሪዎች፣
ለጥበቃው ሥራ ገንዘብ ለሚመድቡ ድርጅቶች

ጉዳዩ፦ ከአንበሳ፣ ከነብር፣ ከጅብ፣ ከተኩላና ከመሰሎቻቸው ጋር የሚፈጠረውን ግጭት በማስተዳደር ረገድ የአካባቢውን ነዋሪ የውሳኔ ባለቤት ስለማድረግ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለብዙ ዓመታት በእናንተና በከብት አርቢዎች መካከል ተቀምጬ በአስተርጓሚነትና በቃለ ጉባኤ ጸሐፊነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። የዱር እንስሳት ምሁር አይደለሁም፤ የራሴ የምለው መንጋም የለኝም። ሥራዬ ግን ከሁለቱም ወገን የሚነገረውን፣ አንዳንዴም ሳይነገር የሚቀረውን እንድሰማ አድርጎኛል። የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አውሬ በረት ሰብሮ በገባ ማግስት ምን እንደሚደረግ የመወሰን ሥልጣን፣ ከነገንዘቡና ከነኃላፊነቱ፣ ከአውሬው ጋር ጎን ለጎን ለሚያድረው ሕዝብ በሕግ እንዲሰጥ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ካየሁት ከአንድ ጠዋት ልጀምር። ከቦታው የደረስነው ጎህ ሲቀድ ነበር። ነብር በሌሊት በእሾህ የታጠረ ጉሮኖ ውስጥ ዘልሎ ገብቶ 11 ፍየሎች ገድሏል፤ ይዞ የሄደው ግን አንዷን ብቻ ነው። ጠባብ ቦታ ውስጥ የተዘጋባቸው እንስሳት መሸሻ አጥተው ሲተራመሱ ነብርም ሆነ ተኩላ ከሚበላው በላይ እንደሚገድል እናንተም እረኞቹም ታውቃላችሁ። አንድ ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ ከሞቱት ፍየሎች የአንዷን የአንገት ቆዳ በቢላ ገልጠው ከጥርሱ ቀዳዳ ዙሪያ የረጋውን ደም አሳዩን። «በሕይወት ሳለች ነው የነከሳት፤ የሞተ ሥጋ እንዲህ ደም አይቋጥርም» አሉ። ቀጥለውም በአጥሩ ጥግ አቧራው ላይ ያረፈውን ክብ ኮቴ በጣታቸው ከበቡት፤ ጅብ ቢሆን ኖሮ የጥፍሩ ጫፍ ይታተም እንደነበር አስረዱን። በየት እንደገባ፣ በየት እንደወጣ፣ ከትናንት በስቲያ ሌሊት በአጠገቡ ያለውን ጉሮኖ ዞሮ ውሻ ስለጮኸበት እንደተመለሰ፣ ይህን ሁሉ ለመናገር ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም።

ጉዳቱን እንዲያረጋግጥ በሕግ የተፈቀደለት ባለሙያ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ጅቡና ጥንብ አንሳው ሥራቸውን ጨርሰው ስለነበር ከቁርጥራጭ ቆዳና ከቀንድ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ባለሙያው ቅጹን አውጥቶ «የጉዳቱ መንስኤ አልተረጋገጠም» ብሎ ጻፈ። ያን ዓረፍተ ነገር ለፍየሎቹ ባለቤት፣ ለሴትዮዋ፣ የተረጎምሁላት እኔ ነኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ባለሙያውን ግን አልወቅሰውም። አንድ መኪና ይዞ ያን የሚያህል አገር የሚያዳርስ ሰው ነበር፤ የጻፈውም በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው። ጥፋቱ ያለው ያየው ሰው ሥልጣን በሌለበት፣ ሥልጣን ያለውም ሰው ማየት በማይችልበት አሠራር ላይ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣

የዚህ ግጭት ሥሩ ዋጋው የሚከፈልበትና ጥቅሙ የሚታፈስበት ቦታ መራራቁ ነው። አንበሳ ወይም ተኩላ በምድር ላይ በመኖሩ የሚደሰተው ሰው በዓለም ዙሪያ የተበተነ ነው፤ ኪሳራው የሚወርደው ግን በጥቂት ቤተሰቦች ላይ ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ ከፓርኩ ወሰን ወይም ከጫካው ጫፍ አጠገብ በሠፈሩት ላይ ይበረታል። በአገር ደረጃ የሚወጣ አኃዝ ጉዳቱን ሁሌም አሳንሶ ያሳያል፤ በአውሬ የሚሞተው እንስሳ ብዙ ጊዜ በበሽታና በድርቅ ከሚሞተው ያንሳልና። ነገር ግን በአንድ ሌሊት 11 ፍየሎች ያጣው ቤተሰብ የሚኖረው በአማካዩ ቁጥር አይደለም። በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የሌለው ወጪም አለ፤ ተራ ገብቶ የሚጠበቅ ሌሊት፣ በእንቅልፍ እጦት የሚያልፍ ቀን፣ ትምህርት ቤት ትቶ መንጋ የሚከተል ልጅ፣ ሣሩ እያለ አውሬ ስላለበት የማይረገጥ ሸለቆ። ይህን ሁሉ ቆጥሮ የሚያውቀው የሚከፍለው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ መፍትሔውን ለመመዘንም ከእርሱ የቀደመ የለም።

እርግጥ ነው፣ «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚለው ቃል በሰነዶቻችሁ ውስጥ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው የኩንሚንግ–ሞንትሪያል ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ በ4ኛው ግቡ የሰውና የዱር እንስሳት ግጭት እንዲቀንስና አብሮ መኖር እንዲጎለብት፣ በ22ኛው ግቡ ደግሞ ነባር ሕዝቦችና የአካባቢ ማኅበረሰቦች በውሳኔ አሰጣጥ ሙሉና ውጤታማ ተሳትፎ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2023 በግጭቱና በአብሮ መኖር ላይ መመሪያ አውጥቷል። እኔ ግን ቃሉ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ይባላል፤ ግንዛቤው የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ስብሰባው ሊጀመር ሲል የውሳኔ ሐሳቡ ክፍል ተሞልቶ የተተየበ ቃለ ጉባኤ ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ የቀረው የተሰብሳቢው ፊርማና የጣት አሻራ ብቻ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «አውሬው እንዳይነካ የተባለው ገብቶናል፤ እኛስ እንዳንነካ የተባለው የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸውን ተረጎምሁት፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የምጽፍበት ክፍት ቦታ አልነበረም።

ከሁሉ በፊት የሚነሣው ካሳ ነውና ስለ እርሱ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ካሳ ፍትሕ ነው፤ መከፈልም አለበት። ነገር ግን ካሳ ብቻውን ሰውን ከአውሬ ጋር አያስታርቅም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በተኩላ ጉዳይ ላይ ተደርጎ በ2003 የታተመ ጥናት፣ ለጠፋባቸው እንስሳ ካሳ የተቀበሉ ሰዎች፣ እንስሳ ጠፍቶብናል ብለው ምንም ካላገኙት ሰዎች የበለጠ ተኩላን የሚታገሡ ሆነው አላገኛቸውም። ምክንያቱ ለእኔ ብዙም አይረቅብኝም። አርቢው ያጣው በገበያ የሚተመን ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት የመረጠውን ዘር፣ የነገ ወተቱን፣ በራሱ ቤት ላይ ያለውን አዛዥነት አጥቷል። ከሩቅ ቢሮ ተፈቅዶ የሚመጣ ገንዘብ የመጨረሻውን አይመልስለትም፤ ይባስ ብሎ ለማኝ ያደርገዋል። ካሳው በሚዘገይበት፣ ማስረጃው በማይሟላበት ቦታ ደግሞ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

ውጤት ያሳዩት አሠራሮች ገንዘቡንና ማረጋገጫውን ወደ መንደሩ ያወረዱት ናቸው። በፓኪስታን ባልቲስታን በ1999፣ በህንድ ሂማቻል ፕራዴሽ ስፒቲ ሸለቆ ኪበር በምትባል መንደር ደግሞ በ2002 የበረዶ ነብር ለሚገድለው እንስሳ የመድን ዋስትና ተጀመረ። አርቢዎቹ ራሳቸው አረቦን ያዋጣሉ፤ ከውጭ የመጣ ድጋፍ ይጨመርበታል፤ የሞተው እንስሳ በእርግጥ በበረዶ ነብር መሞቱን የሚያጣራው የመንደሩ ኮሚቴ ነው። ሐሰተኛ ጥያቄ ያቀረበ ሰው የሚያታልለው ጎረቤቱን ስለሆነ ማታለሉ ከመንግሥት ካዝና ጋር እንደሚሆነው ቀላል አይደለም። የኪበር ሰዎች ከዚህም አልፈው ከግጦሽ መሬታቸው ከፍለው ለባራል፣ ማለትም የበረዶ ነብሩ ዋና ምግብ ለሆነው የተራራ በግ፣ ከለሉለት። ይህን ማንም ቢሮ አዝዞ ሊያስደርገው አይችልም ነበር፤ ግጦሹ የእነርሱ ነውና።

በኬንያ አምቦሴሊ አካባቢ፣ ምቢሪካኒ በተባለው የማሳይ የጋራ ይዞታ፣ በ2003 የተጀመረው የካሳ ፈንድ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከተለ። በረቱ ደካማ ከሆነ ወይም እንስሳው ሜዳ ላይ ጠፍቶ ያደረ ከሆነ ክፍያው ይቀንሳል፤ በአካባቢው አንበሳ የተገደለ እንደሆነ ደግሞ በዚያ ዙሪያ የሚኖረው ሁሉ ክፍያው ይቀርበታል። እንዲህ ያለው የጋራ ቅጣት ከላይ ቢጫን ግፍ ይሆን ነበር፤ እኔም አልደግፈውም ነበር። ከአባላቱ ጋር በተደረሰ ስምምነት ላይ ሲቆም ግን ሽማግሌው ወጣቱን የሚመክርበት፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን የሚጠብቅበት ምክንያት ሆነ። ደንቡ ጥብቅ ወይም ልል መሆኑ ሳይሆን የማን ደንብ መሆኑ ነው ሚዛኑን የሚደፋው።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የስዊድን አሠራር ነው። ከ1996 ጀምሮ መንግሥት ሬንዲር የተባለውን የሰሜን አጋዘን ለሚያረቡት፣ ሳሚ ለሚባሉት ነባር ሕዝብ መንደሮች የሚከፍለው በግዛታቸው ውስጥ ሊንክስና ዎልቨሪን የተባሉት አዳኞች መውለዳቸው በተረጋገጠ ቁጥር ልክ ነው፤ የተበላውን ሬንዲር ለመቁጠር በድን ፍለጋ መውጣት አያስፈልግም። ገንዘቡን እንዴት እንደሚከፋፈል መንደሩ ይወስናል። የአውሬው ግልገል በሕይወት መገኘቱ ለመንደሩ ገቢ ሲሆን፣ መንጋውን በደንብ የጠበቀ አርቢም አይጎዳም፤ ክፍያው በጠፋበት ከብት ብዛት አይለካምና። በታንዛኒያ ሩዋሃ አካባቢም ተመሳሳይ ሐሳብ በሌላ መልክ ተሠርቷል። መንደሮች በራሳቸው መሬት ላይ ካሜራ ያስቀምጣሉ፤ ካሜራው ላነሣው ለእያንዳንዱ የዱር እንስሳ ነጥብ ያገኛሉ፤ ነጥቡም ለትምህርት፣ ለጤናና ለእንስሳት ሕክምና በሚውል ድጋፍ ይመነዘራል። ካሜራውን የሚያስቀምጡትና የሚጠብቁት የመንደሩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ዕውቀት ልለፍ። አንበሳ ሁልጊዜ አጥር ዘልሎ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ በነፋስ አቅጣጫ ቆሞ ጠረኑን ለከብቱ ይልካል፤ ከብቱ ደንግጦ በረቱን ሰብሮ ሲወጣ ጨለማው ውስጥ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በረት የሚሠራ ሰው አውሬው እንዳይገባ ብቻ ሳይሆን ከብቱ እንዳይወጣ ማሰብ ይኖርበታል። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ፤ ያስተረጎምሁላቸው እረኞች ናቸው የነገሩኝ። በአንድ ወቅት ባለሙያዎች ሠርተው ያስረከቡት የሽቦ አጥር ቁመቱ የሚያስመካ ነበር፤ ሽቦው ግን ከብቱ ደንግጦ ሲገፋው የማይቋቋም ሆኖ ተወጥሮ ነበርና በመጀመሪያው ክረምት ተጋደመ። እረኞቹ ገና ሲተከል ይህ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ለምን እንዳልተናገሩ ብጠይቃቸው «ማን ጠየቀን?» አሉኝ።

ዕውቀቱ የት እንዳለ ከተረዱት አንዱ በ2007 በዚያው በአምቦሴሊ አካባቢ የተጀመረው የአንበሳ ጠባቂዎች ሥራ ነው። ተቀጣሪዎቹ የማሳይ ወጣት ተዋጊዎች ሲሆኑ ከመካከላቸው ቀድሞ አንበሳ የገደሉም ነበሩበት። የአንበሳውን ዱካ ይከተላሉ፤ በዚያ ቀን ወደ የትኛው ሸለቆ ከብት መነዳት እንደሌለበት ለእረኞች ይናገራሉ፤ የጠፋ ከብትና የጠፋ ልጅ እረኛ ፈልገው ያመጣሉ፤ የተሰበረ በረት ያጠብቃሉ፤ ለበቀል የተነሣ ቡድን ሲኖርም ደርሰው ያበርዳሉ። ለእያንዳንዱ አንበሳ ስም ማውጣታቸው እንደ ቀላል ነገር ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ስም ያለው አውሬ ግን ጠባዩ ይታወቃል፤ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነም በጅምላ ሳይሆን በስሙ ይጠየቃል። የተናደደን ሰው ጦር አስጥሎ መመለስ የሚችለው ወንድሙ ወይም የዕድሜ እኩያው ነው። የደንብ ልብስ የለበሰ እንግዳ ያንን ቢሞክር እሳቱ ላይ ጭድ መጨመር ይሆናል።

ይህን ስል ሳይንሱን ማጣጣሌ አይደለም። በቦትስዋና ኦካቫንጎ በ14 መንጋዎች፣ በ2,061 ከብቶች ላይ ለአራት ዓመታት ተደርጎ በ2020 የታተመው ጥናት፣ በዳሌያቸው ላይ የዓይን ሥዕል ከተቀባላቸው ከብቶች መካከል አድፍጦ የሚያጠቃ አውሬ የገደለው አንድም እንዳልተገኘ አሳይቷል። ቀለምና ብሩሽ ብቻ የሚጠይቅ ዘዴ ነው። በናሚቢያም ከ1994 ጀምሮ ለአርቢዎች የተሰጡት ትልልቅ የአናቶሊያ ጠባቂ ውሾች ከአቦሸማኔና ከሌሎችም አዳኞች የሚደርሰውን ጉዳት በእጅጉ እንደቀነሱ አርቢዎቹ ራሳቸው መስክረዋል። ነገር ግን ከብቱን በየጊዜው የሚቀባው፣ ቡችላውን ከግልገሎች ጋር አሳድጎ የሚያሠለጥነው አርቢው ነው። እርሱ ያልመረጠው ዘዴ ፕሮጀክቱ በተዘጋ ማግስት ይተዋል።

ሰውን ሳይጠይቁ መወሰን ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለማየት በህንድ ማሃራሽትራ ግዛት ጁናር የሆነውን መመልከት ይበቃል። በእርሻ አካባቢ የሚታዩ ነብሮች እየተያዙ ወደ ሌላ ስፍራ መወሰድ ከተጀመረ በኋላ ነብር በሰው ላይ የሚያደርሰው ጥቃት ከ1993 እስከ 2001 በዓመት በአማካይ 4 የነበረው፣ ከ2001 እስከ 2003 በአማካይ ወደ 17 ከፍ አለ። የተወሰደ ነብር የማያውቀው አገር ላይ ይለቀቃል፤ የተለቀቀበት አካባቢ ሰው ደግሞ ነብሩን አልጠበቀም፤ አልተጠየቀምም። አንድ መሥሪያ ቤት «ችግር ፈጣሪውን አውሬ አነሣን» ብሎ ሲዘግብ ችግሩን ለማን እንዳወረሰው አብሮ ሊዘግብ ይገባዋል።

ወደማይወደደው ነጥብ ልምጣ። አንዳንድ አውሬ መገደል አለበት። ሰው ማደን የለመደ ወይም በረት መስበርን ሥራው ያደረገ አንድ እንስሳ ሲኖር፣ ውሳኔው በአምስት እርከን ተንከባልሎ ወራት የሚፈጅ ከሆነ፣ ሕዝቡ የራሱን ውሳኔ ይወስናል፤ መሣሪያውም መርዝ ይሆናል። መርዝ ጥፋተኛን ከንጹሕ አይለይም፤ በተመረዘው በድን ላይ ጅቡም፣ ቀበሮውም፣ ጥንብ አንሳውም፣ የመንደሩም ውሻ ይረግፋል፤ አንበሳውም ከነግልገሎቹ ያልቃል። አንድ የታወቀ አውሬ ላይ በቶሎ የሚሰጥ ሕጋዊ ውሳኔ ስንት ሌሎችን እንደሚያተርፍ አስቡት። ለዚህ ነው መለኪያው አስቀድሞ፣ ሁሉም ልቡ በተረጋጋበት ጊዜ፣ ከነዋሪው ጋር ተጽፎ ይቀመጥ የምለው፤ ስንት ጥቃት፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ፣ በምን ማስረጃ፣ ማን ይወስናል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ይፈጸማል የሚለው ሁሉ። ደም የፈሰሰ ዕለት መለኪያ ለማውጣት መሞከር ዘግይቷል።

በየስብሰባው ሻይ ዕረፍት ላይ ደጋግሜ የሰማሁት ሥጋት አለ። «ሥልጣኑን ብንሰጣቸው አውሬውን አንድ ቀን አያሳድሩትም» ይባላል። ለዚህ የሚሆን መልስ ናሚቢያ አላት። በሰሜን ምዕራብ ናሚቢያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አደንና ድርቅ የዱር እንስሳቱን ባመናመኑበት ጊዜ፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያው ጋርዝ ኦወን-ስሚዝ ከአካባቢው ባላባቶች ጋር ሆኖ የማኅበረሰብ ጠባቂዎች እንዲሰየሙ አደረገ። ጠባቂዎቹን የመረጡት ባላባቶቹ ነበሩ፤ ተጠሪነታቸውም ለመረጣቸው ነበር። በ1996 የወጣው ሕግ ይህን መንፈስ ይዞ ለማኅበረሰብ ጥብቅ ይዞታዎች በዱር እንስሳት ላይ የመጠቀምና የማስተዳደር መብት ሰጠ፤ የመጀመሪያዎቹም በ1998 ተቋቋሙ። የበረሃ አንበሶች ቁጥር ከዚያ በኋላ አንሠራርቶ ታይቷል። ታሪኩ በዚያ ቢያልቅ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን አንበሳ ሲበዛና ድርቅ ሲደጋገም የዱር እንስሳቱ ተመናምነው አንበሶቹ ወደ ከብት ዞሩ፤ ምሬቱም ተመለሰ። ይህንንም ለመቋቋም ከጥብቅ ይዞታዎቹ የተውጣጡ የአንበሳ ጠባቂዎች ተሰማርተዋል። የሕዝብ ባለቤትነት ግጭትን አያጠፋም፤ ግጭቱ ሲመለስ ግን ሊያነጋግር የሚችል፣ የሚያምኑት ተቋም በቦታው ይገኛል።

ባለቤትነቱ በማይኖርበት ደግሞ ምሬቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። በአውሮፓ ተኩላ ለአሥርት ዓመታት በጥብቅ ጥበቃ ሥር ሆኖ ተስፋፋ፤ በታኅሣሥ 2024 ግን የአውሮፓን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ጥበቃ የሚመለከተው የበርን ስምምነት አባል አገሮች የጥበቃ ደረጃው ዝቅ እንዲል ድምፅ ሰጡ፤ ውሳኔውም ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ጸና። ውሳኔው ትክክል ነው ወይስ ስሕተት የሚለውን ለሌሎች እተወዋለሁ። የበግ አርቢው ጥያቄ በበረቱ ደጃፍ መልስ ቢያገኝ ኖሮ ግን ያን ያህል ርቆ የፖለቲካ አጀንዳ ሆኖ ባልተመለሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለእናንተ የተናገርሁትን ያህል «ማኅበረሰብ» የሚለውን ቃል በጅምላ ለሚጠቀሙ ወዳጆቼም አንድ ነገር ልበል። ማኅበረሰብ አንድ ሰው አይደለም። ስብሰባ ላይ የሚናገረው ብዙ ከብት ያለው ሰው ነው፤ ከብቱን የሚጠብቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ተቀጣሪ ነው፤ ፍየሉንና ጥጃውን የምትጠብቀው ሴት ነች። አንበሳ የሚገድለው በሬ ሲሆን በረት ሰብሮ የሚገባው ነብርና ጅብ የሚወስደው የእርሷን ነው፤ የካሳ መዝገቡ ላይ የሚገኘው ግን የባልየው ስም ነው። ከብት የሌለውም አለ፤ እርሱ ከቱሪስት በሚገኝ ሥራ የሚጠቀም ከሆነ በአንበሳው ላይ ያለው ሐሳብ ከጎረቤቱ ይለያል። በኮሚቴው ውስጥ በሥራ ላይ ያለ እረኛና ትንሽ መንጋ ያላት ሴት ከሌሉበት፣ ሥልጣኑ ከቢሮ ወጥቶ በአንድ ባለጸጋ ግቢ ይቀመጣል፤ ያም ከአሁኑ ብዙ የተሻለ አይሆንም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። በየመንደሩ የተመረጡ፣ የሠለጠኑና ስልክ ያላቸው ሦስት ሰዎች በ24 ሰዓት ውስጥ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ኮቴና የጥርስ ምልክት መዝግበው የሚፈርሙት ማረጋገጫ በሕግ ፊት የባለሙያውን ያህል ይጽና፤ ባለሙያው እየተመረጠ በናሙና ይቆጣጠር። የካሳና የመከላከያ ገንዘቡ በአካባቢው ፈንድ ይቀመጥ፤ ስንቱ ለካሳ፣ ስንቱ ለበረት ማጠናከሪያ፣ ስንቱ ለሌሊት ጠባቂ አበል እንደሚውል ነዋሪው በየዓመቱ ይወስን፤ ሒሳቡም በአደባባይ ይነበብ። የትኛውም አውሬ ከቦታ ቦታ ከመዛወሩ በፊት የተቀባዩ አካባቢ ሰዎች ፈቃድ ይጠየቅ፤ እምቢ የማለት መብታቸውም ይከበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ገንዘብ ስለማያስወጣ ነው ደፍሬ የምጨምረው። በአንገታቸው መከታተያ የታሰረላቸው አንበሶችና ተኩላዎች የት እንዳሉ በኮምፒዩተሮቻችሁ ላይ ይታያል። እረኛው ግን ልጁን ከመንጋው ጋር ወደዚያው ሸለቆ እየላከ ነው። መረጃው ሕገ ወጥ አዳኝ ሰው እጅ እንዳይገባ የምትፈሩት ፍርሃት ይገባኛል፤ ስለዚህ ትክክለኛው ነጥብ አይሰጥ፤ «ዛሬ በምሥራቁ ሸለቆ ከብት አታሠማሩ» የሚል አጭር መልእክት ለመንደሩ ጠባቂ መላክ ግን ማንንም አይጎዳም። በልጁ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ያውቅ እንደነበር በኋላ ቢሰማ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ አብሮ መኖር የሚሰማችሁ እንዳይመስላችሁ።

ሁሉንም ነገር አውርዳችሁ ጣሉት አላልሁም። ሕገ ወጥ የቆዳና የአጥንት ንግድን መቆጣጠር፣ ከአንድ አካባቢ በላይ የሚንቀሳቀሰውን አውሬ መቁጠር፣ በመንደሮች መካከል ክርክር ሲነሣ መዳኘት፣ ሰው ላይ ጥቃት በደረሰ ጊዜ ሐኪምና የሠለጠነ ቡድን በፍጥነት ማድረስ የእናንተ ሥራ ሆኖ ይቆያል። እንዲያውም በየቅጹና በየፊርማው የምታጠፉት ጊዜ ቢቀንስ ለእነዚህ ይተርፋችኋል።

በመጨረሻም ቀጣዩን ደንብ ወይም ማሻሻያ ከመፈረማችሁ በፊት ረቂቁ እረኞቹ በሚናገሩት ቋንቋ ተጽፎ፣ ከብት ወደ በረት ከገባ በኋላ ባለው የማታ ሰዓት፣ በየሠፈሩ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አድርጉ። ከአንድ የግጦሽ ወቅት ያላነሰ የመመካከሪያ ጊዜ ይሰጥ፤ ርቆ የሄደው መንጋና ከመንጋው ጋር ያሉት ወጣቶች እስኪመለሱ ድረስ ማለቴ ነው። ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊውም የውሳኔ ሐሳቡ ክፍል ባዶ ሆኖ ይሰጠው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ አስተርጓሚ